ለታመመ ወዳጅ የምንሰበስበው ገንዘብ ከዒድ ይሻገር

ረመዳን በገባ ቁጥር የሰው እጅ ይፈታል። ዘካውን የሚያሰላው ያሰላል፣ ሰደቃውን የሚለየው ይለያል፣ ለጎረቤት ኢፍጣር ይላካል፣ ዓመቱን ሙሉ ያልተጠየቀ ዘመድ ይጠየቃል። ከተራዊህ ሰላት በኋላ በየመስጂዱ በር፣ በየቴሌግራም ግሩፑና በየቤተሰቡ ስልክ የሚተላለፉ የእርዳታ ጥሪዎች በዚህ ወር የሚበዙትም ለዚህ ነው። ከእነዚህም ጥቂት የማይባሉት በካንሰር ለታመሙ ወገኖች የሚቀርቡ ናቸው። ጥሪው አብሮን ከተማረ፣ በአንድ ሱቅ አብሮን ከሠራ ወይም በአንድ ሰፈር አብሮን ካደገ ሰው ቤት ሲመጣ ደግሞ ማንም ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

መስጠቱ መልካም ነው፤ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ዛሬ ማንሳት የፈለግነው ከመስጠት ቀጥሎ ያለውን ጉዳይ ነው። ረመዳን 29 ወይም 30 ቀን ነው። የካንሰር ሕክምና ግን በወራት፣ አንዳንዴም በዓመታት ይቆጠራል። በወሩ ሙቀት የተሰበሰበው ገንዘብ ዒድ ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት ያልቃል፤ ሕመምተኛው ያን ጊዜ ገና የሕክምናው አጋማሽ ላይ ነው። ቤተሰቡ ጥሪውን እንደገና ለማሰማት ያፍራል። ወዳጆችም ቀደም ሲል የሰጡትን እያሰቡ ነገሩ የተፈታ ይመስላቸዋል። ሕክምናው የመቋረጥ አደጋ የሚያንዣብበው በዚህ ዝምታ መካከል ነው።

ስለዚህ ለሰጪውም የሕክምናውን አካሄድ ማወቅ ይጠቅመዋል። እንደ ካንሰሩ ዓይነትና እንደ ደረጃው ቢለያይም የተለመደው መንገድ የታወቀ ነው። በመጀመሪያ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል፤ ሲቲ ስካንና ሌሎች ምርመራዎች ይከተላሉ። ከዚያም ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞቴራፒ ወይም የጨረር ሕክምና፣ ብዙ ጊዜም ከእነዚህ ከአንድ በላይ የሆነው ይታዘዛል። ኬሞቴራፒ በዙር የሚሰጥ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በየ21 ቀኑ ነው፤ ለጡት ካንሰር ከ4 እስከ 8 ዙር ማዘዝ የተለመደ ነው። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደም ይመረመራል። የነጭ የደም ሴል ቁጥር ዝቅ ብሎ ከተገኘ ዙሩ ለሌላ ቀን ይተላለፋል፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ታዲያ እዚያው ተቀምጦ መጠበቅ ይኖርበታል። ጨረር ከታዘዘ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፣ ለተከታታይ ሳምንታት መመላለስ ነው። ካንሰሩ በሆርሞን የሚመገብ ዓይነት ከሆነ ከዚህ ሁሉ በኋላ እንደ ታሞክሲፊን ያለ እንክብል ለ5 ዓመትና ከዚያም በላይ ይወሰዳል።

ይህን ከቀን መቁጠሪያው ጋር እናስተያየው። በአንድ ረመዳን ውስጥ የሚውለው የኬሞ ዙር አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። የቀሩት በሸዋል፣ በዙልቃዕዳ፣ በዙልሒጃና ከዚያም በኋላ ይመጣሉ። ወዳጃችንን ለአንድ ዙር ብቻ አሳክመን ብንተወው የጀመርነውን መልካም ሥራ በጎዶሎ መተዋችን ነው። በመካከል የተቋረጠ ሕክምና ደግሞ ቀድሞ የወጣውን ገንዘብና ድካም ጭምር ከንቱ ሊያስቀር ይችላል።

ገንዘቡ የሚሄድበትን ቦታ ማወቅም እንዲሁ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የካንሰር ወጪ ሲባል የመድኃኒት ዋጋ ብቻ ይታየዋል። በመንግሥት ሆስፒታል የሚታከም ሰው ለአልጋና ለሐኪም የሚከፍለው ከግል ሆስፒታል ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ቤተሰቡን የሚያናጉት ሌሎች ወጪዎች ናቸው። የታዘዘው መድኃኒት ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ሲጠፋ ወደ ከነማ፣ ወደ ቀይ መስቀል፣ ከዚያም ወደ ግል ፋርማሲ መዞር ይመጣል። የምርመራ መሣሪያ ሲበላሽ ወይም ወረፋው ሲረዝም በግል ማዕከል መመርመር ይመጣል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገራችን የሚገኘው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። አሁን በጅማና በሐረርም መጀመሩ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሆኖም ከወሎ፣ ከባሌ ወይም ከስልጤ ለሚነሳ ሰው ዛሬም የሕክምናው ግማሽ መንገድና ማረፊያ ነው። የአውቶቡስ ትኬት፣ የቤት ኪራይ፣ የአስታማሚው ቀለብ፣ ከዚህም በላይ የተዘጋው ሱቅ ወይም የቆመው የቀን ሥራ አለ። አንድ የቤት አባወራ ሲታመም አስታማሚዋ ሚስቱ ከሆነች ከአንድ ቤት ሁለት ገቢ በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ ልጆቹ ግን ይበላሉ፣ ይማራሉ።

ስለዚህ ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ቁጭ ብሎ መጠየቅ ይቅደም። ሁለት ሦስት የቅርብ ወዳጆች ሕመምተኛውንና የሚያስታምመውን ሰው ቤቱ ሄደው ያነጋግሩ። ፈቃዱ ከሆነ ከሐኪሙም ጋር አብረው ይቅረቡ። የሚጠየቀው ቀላል ነው፤ ስንት ዙር ታዟል? ስንተኛው ላይ ደርሷል? የትኛው መድኃኒት በሆስፒታሉ አለ፣ የትኛው ከውጭ ይገዛል? ጨረር ይኖራል ወይ? ማረፊያ የት ነው? ቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? መልሱ በአንድ ወረቀት ላይ በወር በወር ከተጻፈ የሚሰበሰበው መጠን ራሱ ይታወቃል። “የምትችሉትን ለግሱ” ከሚል ጥሪ ይልቅ “ለቀሩት 5 ዙሮች መድኃኒትና ለ6 ሳምንት ማረፊያ ይህን ያህል ያስፈልጋል” የሚለው ጥሪ ሰጪውን ያበረታል፣ ተቀባዩንም ከልመና ስሜት ያወጣዋል።

በዚያ ወረቀት ላይ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ጉዳይ ነው። ቤተሰቡ አባል ከሆነ መዋጮው መታደሱን፣ አባል ካልሆነ መቼ መመዝገብ እንደሚችል ከወረዳው ማጣራት ይገባል። መድኑ የሚያገለግለው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወረቀት ሲሄዱ በመሆኑ፣ በችኮላ ሪፈር ሳይዙ ወደ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ የሚገባቸውን ሽፋን ሊያሳጣቸው ይችላል። ብዙ ሰው ተሰብስቦ ከሚያዋጣው ገንዘብ በፊት ይህች ትንሽ ወረቀት ብዙ ታድናለች።

ወደ ውጭ አገር መሄድ የሚለውም በዚሁ ደረጃ ላይ ይነሳ። ካንሰር ሲባል ወዲያው ሕንድ ወይም ታይላንድ የሚታሰብበት ቤት ብዙ ነው። በአገር ውስጥ የማይሰጥ ሕክምና ሲሆን የሐኪሞች ቦርድ አይቶ የሚጽፈው ማስረጃ አለ፤ የውጭ ምንዛሪ ለመጠየቅም የሚያስፈልገው እሱ ነው። ሕክምናው እዚሁ የሚሰጥ ከሆነ ግን ቤት ሸጦ፣ ብድር ገብቶ፣ ወዳጅ ዘመድን አስጨንቆ ለአንድ ጉዞ የሚወጣው ገንዘብ እዚህ ሙሉውን ሕክምና ሊሸፍን ይችላል። ይህን ለመወሰን ሐኪሙን በግልጽ መጠየቅ እንጂ ከሰው ሰው የተሰማ ወሬ መመሪያ ሊሆን አይገባም።

ቀጥሎ የሚመጣው የክብር ጉዳይ ነው። መኪና ላይ በትልቁ የተለጠፈ ፎቶ፣ በድምፅ ማጉያ የሚነገር የሕመም ዝርዝር፣ በቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት ላይ የምታለቅስ እናት ለከተማችን ነዋሪ እንግዳ አይደሉም። ጨንቋቸው ያደረጉትን ሰዎች ልንወቅስ አንነሳም። ነገር ግን ወዳጅ ያለው ሰው እዚህ ድረስ መድረስ የለበትም። ገላው የታመመው፣ ፀጉሩ የረገፈው፣ ስሙ የሚጠራው እሱ ነውና ፎቶው ይውጣ አይውጣ፣ የሕመሙ ዓይነት ይነገር አይነገር የሚወስነውም እሱ መሆን አለበት። በተለይ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩ ሕመሞች ሆነው ሳለ፣ እህቶቻችን ስሙን በአደባባይ ለማንሳት ይሳቀቃሉ። ነገ ልጇ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ከነገ ወዲያ ሴት ልጇ ትዳራለች። “አንዲት እህታችን ታማለች፤ እኔ አውቃታለሁ፣ ወረቀቷንም አይቻለሁ” የሚል አንድ የታመነ ሰው ቃል ከአሥር ፎቶ ይበልጣል።

እስልምና በዚህ ላይ ያለው ትምህርት ለአንባቢዎቻችን አዲስ አይደለም። ሱረቱል በቀራህ ውስጥ ምጽዋትን በግልጽ መስጠት መልካም ሆኖ ለድኻ በስውር መስጠት የተሻለ መሆኑ ተገልጿል፤ በዚሁ ምዕራፍ ሰደቃን በመመጻደቅና የተቀበለውን ሰው በማስከፋት ማበላሸትም ተከልክሏል። ስለዚህ ለታመመ ወዳጁ የሰጠ ሰው ከወራት በኋላ ሲያገኘው “ያ ገንዘብ ምን ደረሰ?” ብሎ እሱን ራሱን አይጠይቀው። ታማሚው አዲስ ልብስ ለብሶ በዒድ ቢታይ፣ ልጁን ለሰርግ ቢልክ ወይም ከሰው ጋር ተቀምጦ ቢስቅ የሰጠነው ገንዘብ አይን አውጥቶ አይቆጣጠረው። የሒሳብ ጥያቄ የሚቀርብለት ሌላ ሰው ሊኖር ይገባል።

ያ ሰው ገንዘብ ያዡ ነው። ሰዎች በእርዳታ ስም የተታለሉበት ጊዜ አለ፤ የሌላ ሰው ፎቶ ወስዶ የራሱን የሒሳብ ቁጥር የሚለጥፍ አለ። በዚህም የተነሳ በእውነት የታመመው ሰው ይጠረጠራል። መፍትሔው አሠራር ነው። ገንዘቡ በአንድ ሰው የግል ሒሳብ ከሚገባ ይልቅ በጋራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይግባ። ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች ባሉበት በዚህ ጊዜ ይህን መክፈት ከባድ አይደለም። ከፈራሚዎቹ ቢያንስ አንዱ ከቤተሰቡ ውጭ ይሁን። የገባውና የወጣው በደረሰኝ ይያዝ፤ በወር አንድ ጊዜ አጭር መግለጫ ለሰጪዎችም ለሕመምተኛውም ይድረስ። በቴሌብር የሚላክም ቢሆን የሚደርሰው ሰው ስምና ስልክ አስቀድሞ ይታወቅ። ከማናውቀው ሰው ጥሪ ሲመጣ ደግሞ ለሌላ ሰው ከማስተላለፋችን በፊት ደውለን እናጣራ፤ አንድ የስልክ ጥሪ ብዙ ሰውን ከመታለል ያድናል።

ሰው ለመናገር የሚከብደውን ነገርም አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ገንዘቡ ከሕክምናው ቢተርፍ ወይም አላህ ሌላ ቢወስን የቀረው ምን ይሆናል? ለሕክምና የገባበት ዕዳ ይከፈልበት፣ ለልጆቹ ይዋል፣ ወይስ ለሌላ ታማሚ ይተላለፍ የሚለው ከመጀመሪያው ተወስኖ ለሰጪዎች ቢነገር በኋላ በቤተሰብና በወዳጅ መካከል ቅያሜ አይገባም።

የዘካ ነገርም ግልጽ ይሁን። ዘካ የሚሰጣቸው ስምንቱ ክፍሎች በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛ አንቀጽ የተዘረዘሩ ናቸው። መታመም ብቻውን ከእነዚያ ውስጥ አይገኝም፤ ሕመሙ ለድህነት ወይም ለዕዳ የዳረገው ሰው ግን በድኾች ወይም በባለዕዳዎች ክፍል ሊገባ ይችላል። ወዳጃችን ሀብት ያለው ሆኖ ታሞ ከሆነ የምንሰጠው ሰደቃ ወይም ያለ ወለድ የሚመለስ ብድር ነው። ወላጅ፣ ልጅና የትዳር ጓደኛ ቀለባቸው በእኛ ላይ ግዴታ ስለሆነ እነሱን የምናሳክመው ከዘካ ሳይሆን ከገንዘባችን ነው። ዘካተል ፊጥር ደግሞ ከዒድ ሰላት በፊት ድኻው በዕለቱ እንዲበላ የተደነገገ የእህል ድርሻ በመሆኑ ወደ መድኃኒት ግዢ ልናዞረው አይገባም። ሰብሳቢዎች ዘካና ሰደቃን በሁለት መዝገብ ለይተው ይያዙ፤ ግር ያላቸውን ነገር በአቅራቢያቸው ያሉ ዑለማዎችን ይጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳባችን እንመለስ፤ ከዒድ በኋላ ስለሚሆነው። ሃያ ወዳጆች በአንድ ምሽት እያንዳንዳቸው 1,000 ብር ቢሰጡ 20,000 ብር ይሆናል፤ ጥሩ ነው፣ ያልቃልም። እነዚያው ሃያ ሰዎች በየወሩ 500 ብር ለአንድ ዓመት ለመስጠት ቢነይቱ ግን 120,000 ብር ይሆናል፤ ከዚህም በላይ ታማሚው የሚቀጥለው ዙር ገንዘብ እንዳለው እያወቀ ይተኛል። ይህ ለእኛ የውጭ ትምህርት አያስፈልገውም። ዕቁብ የምንጥል፣ በየወሩ ጀማዓ የምንሰበሰብ ሕዝብ ነን። የዕቁብ ዳኛ የሚመርጠው ሰው ለወዳጁ ሕክምና ገንዘብ ያዥ መምረጥ አያቅተውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። በሳዑዲ፣ በኤምሬትስና በኩዌት ያሉ እህትና ወንድሞቻችንም በዚህ ወር የሚልኩትን ከፍለው የተወሰነውን ለሚቀጥሉት ወራት ቢያስቀምጡ ለታማሚው ይበልጥ ይደርስለታል።

እድሮቻችንም፣ በወሎ ቅሬ የምንላቸውም ጭምር፣ ይህን ቢያስቡበት ደግ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ፣ ጀናዛውን አጅቦ፣ ቤተሰቡን ቀን ከቀን የሚያጽናና ማኅበር ያው ሰው በሕይወት ሳለ ለ6 ዙር መድኃኒት ሲቸገር መተዳደሪያ ደንቡ ስለማይፈቅድ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ለታመመ አባል ድጋፍ የሚያደርጉ እድሮች አሉ። ሌሎቹም በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባቸው አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ አባላቱ የሚያዋጡት ገንዘብ በቁመናቸውም ይደርሳቸዋል።

ገንዘብ የሌለው ሰውም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደለም። ሆስፒታል አብሮ የሚሄድ፣ ወረፋ የሚይዝ፣ የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ፋርማሲ የሚዞር ሰው ያስፈልጋል። አስታማሚዋ በመግሪብ ሰዓት በሆስፒታል ኮሪደር ቆማ ስታፈጥር ተምርና ሾርባ የሚያደርስላት ያስፈልጋል። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ የቤት ሥራቸውን የሚያሠራ ያስፈልጋል። ደም የሚለግስ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህን ከዒድ በኋላ ማድረግ ይቻላል። ካለው ላይ ቤቱን ለጥቂት ሳምንት ለማረፊያ የሚያውስ ዘመድ ደግሞ ከብዙ ገንዘብ በላይ ሰጥቷል።

ጾሙንም በተመለከተ ወዳጆች ሸክም እንዳንሆን እንጠንቀቅ። ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያካክስ በቁርዓን ተፈቅዶለታል፤ መዳኑ የማይጠበቅ ሰው ደግሞ በፊድያ የሚካስበት መንገድ አለ። ሆኖም ኬሞ እየወሰደ “ሰው ምን ይለኛል” ብሎ ውኃ እንኳ የሚደብቅ ታማሚ አለ። በፊቱ “ትጾማለህ?” ብሎ አለመጠየቅ፣ ቤቱ ስንሄድ እንዲበላ ማመቻቸት፣ ጉዳዩን ለሐኪሙና ለሚያምነው ዓሊም መተው ከወዳጅ የሚጠበቅ ነው።

“ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ?” የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። የካንሰር መድኃኒት በሆስፒታል ፋርማሲ መገኘት፣ የጨረር መሣሪያ ሲበላሽ ቶሎ መጠገን፣ የጤና መድን ታማሚውን በእውነት መሸፈን የመንግሥት ኃላፊነት ነው፤ የወዳጅ መዋጮ ይህን አይተካም፣ ከመጠየቅም አያግደንም። ግን የሚቀጥለው ዙር ቀን ተቆርጧል፤ በሽታው የበጀት ዓመት አይጠብቅም።

ወዳጅ የሌለው ታማሚም አለ። ስልክ የሌላት፣ ቋንቋ የማታውቅ፣ ከሩቅ ገጠር ልጇን አዝላ የመጣች እናት ማንም ጥሪ አያሰማላትም። ለእንዲህ ያሉት ማረፊያና ድጋፍ የሚሰጡ በ1996 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረተውን ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲን፣ እንዲሁም በካንሰር ለታመሙ ሕፃናት የሚሠራውን ተስፋ አዲስን የመሰሉ አገር በቀል ድርጅቶች አሉ። ለወዳጃችን ከምንሰበስበው ጥቂቱን፣ አሥር እጁን እንኳ፣ ለማናውቀው ሰው ብንለይ መልካም ልማድ ይሆናል።

እንግዲህ የረመዳን ቀሪ ሌሊቶች ከማለቃቸው በፊት የታመመ ወዳጅ ያለው ሰው አንድ ነገር ያድርግ። ሁለት ሰው ይጥራ፣ የታማሚውን ቤት ያንኳኳ፣ ፈቃዱን ይጠይቅ፣ ያቺን ወረቀት ይጻፍ። ዛሬ የሚሰጠውን ዛሬ ይስጥ፤ የሸዋልን፣ የዙልቃዕዳንና የዙልሒጃን ድርሻም ከወዲሁ ይለይ። በዒድ ማግስት ሁሉም ወደ ሥራው ሲመለስ ታማሚው በሰዓቱ ለሚቀጥለው ዙር ሆስፒታል ከተገኘ የዚህ ወር ልግስናችን ቦታውን አግኝቷል ማለት ነው።

ለታመሙ ወገኖቻችን ሁሉ አላህ ሽፋውን ያምጣላቸው። ረመዳን ከሪም!